ስለ ክሮቼራ የሚነገረው ተረትና በሻፍቱ ላይ የሚገኘው እውነታ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በሰበታ በኩል ወደ ጅማ፣ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ፣ እንጦጦንም ተሻግረው በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚያደርሱት ሦስቱ ጎዳናዎች በጠባያቸው የተለያዩ ቢሆኑም፣ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ተሽከርካሪ በመፈተን ረገድ አንድ ናቸው። ከሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ ደንና ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚወጣው መንገድ ድንጋያማ ነው፤ ከቡራዩ ባሻገር ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው በክረምት በጎርፍ ይሸረሸራል፤ የሱሉልታም ሜዳ ዝናም በወረደ ጊዜ ውኃ የሚተኛበትና ጥቁሩ ዋልካ ጎማን የሚውጥበት ስፍራ ነው። እነዚህ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች እንግዲህ የላንድክሩዘር፣ የላንድሮቨርና የሃይሉክስ አገር ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ድንጋዩንና ጭቃውን ለመሻገር ሲሉ ባሌስትራ እየጨመሩ፣ ሞላ እየቀየሩ፣ ትልልቅ ጎማም እየገጠሙ መኪናቸውን ከፍ ማድረግን ልማድ አድርገውታል።

መኪናው ከፍ ካለ በኋላ ግን ክሮቼራው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር ተብሎ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። በዚህም ጊዜ ባለመኪናው ዕቃ ሻጩን፣ ዕቃ ሻጩ መካኒኩን፣ መካኒኩም መንገዱን ይወቅሳል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ፣ ከሦስቱ ወቀሳዎች በፊት መመርመር የሚገባው ነገር ሻፍቱ የቆመበት ማዕዘን መሆኑን ማስረዳትና፣ በማዕዘኑ ምክንያት የመጣውን ሕመም በሌላ ነገር የሚያመካኙትን ልማዳዊ አባባሎች አንድ በአንድ ማረም ነው።

ክሮቼራ ማለት የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮውና ከትራንስፈሩ ተቀብሎ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ፣ ይኸውም ፕሮፔለር ሻፍት የሚባለውን፣ በሁለቱ ጫፎቹ የሚያጋጥም በመስቀል አምሳል የተሠራ ብረት ነው። የመስቀሉ አራት ክንዶች እያንዳንዳቸው በብረት ቆብ የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብዙ ሮለሮች ክንዱን ከበው ተደርድረዋል። አሠራሩ ጥንታዊ ነው። ብዙ ሰው ለኢጣሊያዊው ሊቅ ለጂሮላሞ ካርዳኖ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ካርዳኖ ዕቃን በቀለበቶች ላይ አንጠልጥሎ የማቆየትን ብልሃት ጻፈ እንጂ ፈልሳፊው አልነበረም፤ ብልሃቱ ከእርሱ እጅግ ቀድሞ በግሪካውያን ዘንድ የታወቀ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ መጋጠሚያውን መርምሮ ለሚዞር ዘንግ አዋለው፤ በ1904 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ለአውቶሞቢል እያበጀ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ።

ሁክ የተገነዘበው ጠባይ ለዛሬው ጋራዥም ዋና ቁም ነገር ነው። ሁለት ዘንጎች በክሮቼራ ተጋጥመው በመካከላቸው ማዕዘን ሲኖር፣ ነጂው ዘንግ እኩል በሆነ ፍጥነት ቢዞር እንኳ ተነጂው ዘንግ እኩል አይዞርም፤ በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ሲሆን መፍጠኑና መዘግየቱ ከአማካዩ በእያንዳንዱ ወገን 1.5 ከመቶ ያህል ነው፤ 20 ዲግሪ ሲደርስ 6 ከመቶ ይሆናል፤ በ30 ዲግሪ ደግሞ ከ13 ከመቶ ያልፋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ላንድክሩዘር ሻፍቱ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ እንደሚዞር ያሰበ ሰው፣ ይህ መፍጠንና መዘግየት በደቂቃ ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ብረቱን እንደሚያናጋው ለማስተዋል አይቸገርም። ሻፍቱ በሁለት ጫፉ ሁለት ክሮቼራ የተሰጠው፣ የመጀመሪያው የፈጠረውን መዛባት ሁለተኛው እንዲሽረው ነው፤ ሽረቱም የሚፈጸመው የሁለቱ ጫፎች ማዕዘን ሲተካከልና በሻፍቱ ሁለት ጫፎች መስቀሎቹን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ መሥመር ሲቆሙ ብቻ ነው።

«መኪና ከፍ ማድረግ የሚነካው ሞላንና ጎማን ነው፤ ሻፍቱ ምን አገባው» የሚለው አባባል ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደረሰ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር መሬት ላይ ሲቀር ካምቢዮውና ትራንስፈሩ ከሻሲው ጋር ከፍ ስለሚሉ፣ በመካከላቸው ያለው ሻፍት የግድ ይዘቀዝቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ሻፍት አንዱ ጫፉ በ5 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ማዕዘኑ በ2.4 ዲግሪ ያህል፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ደግሞ በ4.8 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሻፍቱ አጭር በሆነ ቁጥር ነገሩ ይከፋል፤ 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርዝመት ባለው የአጭር ላንድሮቨር ሻፍት ላይ ያው 10 ሴንቲ ሜትር ከ7 ዲግሪ ተኩል በላይ ያመጣል። የክሮቼራ ኩሽኔታ ዕድሜ ከሚሠራበት ማዕዘን ጋር በተቃራኒው የሚመጣጠን ነው፤ ማዕዘኑ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ከፋብሪካ ሲወጣ 4 ዲግሪ የነበረው ሻፍት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ በተደረገ ጊዜ 9 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ቀድሞ ሁለት ዓመት ያገለግል የነበረው ክሮቼራ በአንድ ዓመት ቢያልቅ በዕቃው ላይ የሚፈረድበት ምክንያት የለም። ትልልቁ ጎማ የሚያመጣው ተጨማሪ ጫና ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል፤ በጫናው የሚደርሰው ጉዳትም ማዕዘኑ ከሚያደርሰው እጅግ የፈጠነ ነው።

ለዚሁ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት ራሱ ሌላ ሕመም ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። «የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ቀና አድርገህ ከሻፍቱ ጋር አቅናው» እየተባለ በባሌስትራው ሥር ሽብልቅ ይገባል። ይህ ምክር እውነት የሚሆነው ከትራንስፈሩ በኩል እጥፍ ክሮቼራ፣ ማለት ሁለት መስቀል በአንድነት የተጋጠሙበት መጋጠሚያ ላለው ሻፍት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ መዛባቱን በራሱ ውስጥ ስለሚሽር የታችኛው ክሮቼራ ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል። ለተለመደው ባለ ሁለት ክሮቼራ ሻፍት ግን ምክሩ ጥፋት ነው፤ የታችኛው ማዕዘን ወደ ምንም ሲጠጋ የላይኛው እንደ ሰፋ ይቀራልና፣ መዛባቱን የሚሽር ይጠፋል፤ መኪናውም ሲነሣ ይርገፈገፋል። በእንዲህ ዓይነቱ ሻፍት የዲፈረንሻሉ አፍንጫና የትራንስፈሩ መውጫ ዘንግ ትይዩ ሆነው መቆየት አለባቸው፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚታየውም ልዩነት ከ1 ዲግሪ ባያልፍ መልካም ነው። ትይዩነቱ ተጠብቆ ማዕዘኑ ከሰፋ፣ የትራንስፈሩን ማቀፊያ ተሻጋሪ ብረት ጥቂት ዝቅ ማድረግ ወይም የመኪናውን ከፍታ መቀነስ ነው እንጂ የአንዱን ጫፍ ብቻ መጠምዘዝ መፍትሔ አይሆንም። ረጅሙ ሃይሉክስ ደግሞ ሻፍቱ ለሁለት የተከፈለና በመካከሉ ደጋፊ ኩሽኔታ ያለው ስለ ሆነ፣ ከፍ ሲደረግ ያንን ደጋፊ ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

ማዕዘን ጎጂ ነው ሲባል የሰሙ አንዳንዶች ደግሞ ሻፍቱ ፍጹም ቀጥ ቢል ይሻላል ይላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ማዕዘን በሌለበት መርፌ መሰሎቹ ሮለሮች ወዲያና ወዲህ ሳይሉ አንድ ስፍራ ላይ ቆመው ስለሚጫኑ ክንዱን ይቦረቡሩታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ወይም አንድ ዲግሪ ያስፈልጋል።

የክሮቼራን ሕመም በመለየት ረገድ ሁለት ተቃራኒ አባባሎች አሉ። አንደኛው «ካልጮኸ ደኅና ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ሻፍቱ በእጅ ሲያዙት ከተወዛወዘ አልቋል» ይላል። ክሮቼራ ሲጎዳ መጀመሪያ የሚያሰማው፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሲሄድ እንደ ጫጩት ድምፅ የሚሰማ ጭርታ ነው፤ ይህም ግራሶው ማለቁንና ሮለሮቹ በደረቁ መፋተጋቸውን ይነግራል። ጭርታው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝም ሲል ብዙዎች ተሻለው ብለው ደስ ይላቸዋል፤ ዝም ያለው ግን ሮለሮቹ ተፈጭተው ክፍተት ስለ ተፈጠረ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ማርሽ ከፊት ወደ ኋላ ሲቀየር ወይም ፍሪሲዮን ሲለቀቅ የሚሰማው ዷ የሚል ድምፅ ነው። መወዛወዝን በሚመለከት ደግሞ፣ በዲፈረንሻሉና በትራንስፈሩ ጥርሶች መካከል ያለው ጥቂት ልቅነት የተፈጥሮ ነውና ሻፍቱ በሙሉ ትንሽ ቢዞር አያስደነግጥም። ትክክለኛው ምርመራ አንዱን እጅ በሹካው ላይ፣ ሌላውን እጅ በሻፍቱ ላይ አድርጎ በተቃራኒ አቅጣጫ ማሾርና ወደ ላይና ወደ ታችም መግፋት ነው፤ በመስቀሉ ላይ የሚሰማ ማናቸውም ልቅነት፣ ምንም ያህል ቢያንስ፣ የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን ያረጋግጣል። በቆቡ አፍ ዙሪያ የሚታየው ቀይ የዝገት ዱቄትም እንዲሁ ምስክር ነው።

መንቀጥቀጥ ሲመጣም ሁሉን በጎማ ባላንስ ላይ መጣል ልማድ ሆኗል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ስለዚህ ከጎማ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ዝግ ያለና መሪ ላይ ወይም መቀመጫ ላይ የሚያወዛውዝ ሲሆን፣ ከሻፍት የሚመጣው ግን ፈጣንና ወለሉን የሚያስጮህ ነው። የጎማው ባላንስ ሁለት ጊዜ ተሠርቶለት መንቀጥቀጡ ካልቀረ፣ ከሥር ገብቶ ሻፍቱን ማየት ነው።

ከሻፍት የወጣን አሮጌ ክሮቼራ ሳይጥሉ በቤንዚን አጥቦ ወደ ብርሃን ማቅረብ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ያስተምራል። የመስቀሉን ክንድ ሲመለከቱ ሮለሮቹ በተርታ የተኙበት ቦታ እንደ ቀጭን መሥመር ተቦርቡሮ ይታያል፤ ጥፍር ቢያሳልፉበት ጎድጓዳው አንድ በአንድ ይታወቃል። መሥመሮቹ በሁለት ተቃራኒ ክንዶች ላይ ጠልቀው በሌሎቹ ላይ ከሳሱ፣ ወይም አንዱ ክንድ ብቻ ጠቁሮና ደርቆ ሌሎቹ ግራሶ እንደ ለበሱ ከተገኙ፣ ግራሶው ወደዚያ ክንድ እንዳልደረሰ ያመለክታል። ይህን አይቶ የጣለና ሳያይ የጣለ መካኒክ በሚቀጥለው ሥራቸው አንድ አይሆኑም።

ስለ ግራሶ የሚባለው ብዙ ነው። «አንድ ቆብ በኩል ከወጣ ሞልቷል» የሚሉ አሉ፤ ሞላ የሚባለው ግን አዲሱ ግራሶ አሮጌውን ገፍቶ በአራቱም ቆቦች አፍ ሲታይ ነው፤ በአንዱ በኩል እምቢ ካለ ያ ክንድ በቅርብ የሚሞት ነው። ጥሩው ከፍተኛ ጫና የሚችል 2 ቁጥር የሊቲየም ግራሶ ሲሆን፣ የሞተር ዘይትና ልዩ ልዩ ቅሪት ደባልቆ መጨመር ኩሽኔታውን ያጠፋል። ሻፍቱ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ተንሸራታች ክፍልም የራሱ የግራሶ አፍ አለው፤ እዚያ ላይ ግን ከመጠን በላይ ቢሞሉት ግራሶው ውስጥ ታምቆ ሻፍቱ እንዳያጥር ስለሚከለክል፣ መኪናው በጉድጓድ ሲዘል ግፊቱ ወደ ትራንስፈሩ ኩሽኔታ ይተላለፋል። በሱሉልታ ሜዳ ውኃ የተሻገረ፣ ወይም በላቫጆ ከሥሩ በኃይለኛ ውኃ የታጠበ መኪና፣ ውኃው በላስቲኩ በኩል ገብቶ እንደ ሆነ ገፍቶ እንዲያስወጣው በዚያው ሰሞን ግራሶ ሊሰጠው ይገባል። «ታጥቧልና ንጹሕ ነው» ማለት በዚህ ስፍራ አይሠራም። የግራሶ አፍ የሌለውን የታሸገ ክሮቼራ «ደካማ» ማለትም ልክ አይደለም፤ መስቀሉ የግራሶ ቦይ ስላልተበሳበት ይበልጥ ጽኑዕ ነው፤ ጉድለቱ ውኃ ከገባው የሚታደስበት መንገድ አለመኖሩ ነው። አፈሩና ውኃው በበዛበት በዚህ አካባቢ ግራሶ የሚቀበለውን መምረጥ፣ በእኔ ግምት፣ ይሻላል፤ ግን ግራሶውን በእውነት ለሚሰጥ ባለቤት ብቻ።

አሁን ወደ መቀየሩ ሥራ ስንደርስ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ነፍስ ደኅንነት መናገር ግዴታ ነው። «የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፤ መኪናው አይሄድም» የሚለው እምነት በአንዳንድ መኪና ላይ ሰውን የሚገድል ነው። በላንድሮቨር ላይ፣ እንዲሁም በቀድሞዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ ኋላ ያለውን የሻፍት መውጫ ነው፤ ሻፍቱ ሲፈታ ፍሬኑ ከኋላ ጎማ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው፤ ኃይሉ የሚያልፍበት ዘንግ ወልቋልና። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በሚያዘቀዝቀው መንገድ ዳር ቡሎኑን ፈትቶ ከሥሩ የተኛ ሰው፣ የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ መኪናው በላዩ እንደሚንከባለል ይወቅ። ስለዚህ ቦታው ሜዳ ይሁን፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ደግሞ ማንም አይግባ።

«ምልክት ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው» የሚል ኩራትም አለ። ሻፍቱ ከፋብሪካ የተመዛዘነው በዚያው አቋሙ ነውና፣ ከመፍታት በፊት በሻፍቱና በሚጋጠምበት ሰሌዳ ላይ፣ በተንሸራታቹ ክፍል ሁለት ወገኖችም ላይ በነጭ ቀለም መሥመር መሳብ ያስፈልጋል። ተንሸራታቹ በአንድ ጥርስ ብቻ ተዛንፎ ቢገባ ሁለቱ ሹካዎች መሥመራቸውን ይስታሉ፤ አዲስ ክሮቼራም ገብቶ መኪናው ከቀድሞው ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ሻፍት ግን ከፋብሪካው ሹካዎቹ ተዛንፈው የተሠሩ ስላሉ፣ «ሁልጊዜ አሰልፋቸው» ከማለት ይልቅ ሲወጣ እንደ ነበረ መመለስ ይሻላል።

መዶሻ የመካኒክ ጌጥ ሆኖ በመቆጠሩ የሚጠፋው ሹካ ጥቂት አይደለም። የመያዣ ቀለበቶቹ ከወጡ በኋላ ቆቡን በሞርሳ እየጨመቁ ማስወጣት ሲቻል፣ በከባድ መዶሻ ሲደበድቡት የሹካው ጆሮ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ጆሮ ደግሞ ለማንኛውም አዲስ ክሮቼራ ቀጥ ያለ መቀመጫ አይሰጥም። አዲሱ ሲገባም የሚፈራው ነገር አለ፦ አንድ ሮለር ከመደቡ ወድቆ በቆቡ ወለል ላይ ቢጋደም ቆቡ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ ባለሙያው ግን «ጠበቀ» ብሎ በኃይል ቢገፋው መርፌው ተሰብሮ ሥራው በጥቂት ቀን ይፈርሳል። ሮለሮቹን በግራሶ አጣብቆ፣ መስቀሉን በሁለቱ ቆቦች መካከል ይዞ፣ እየተጫኑ በየጊዜው በእጅ እያሾሩ ማስገባት ነው። የቶዮታ የመያዣ ቀለበቶች በልዩ ልዩ ውፍረት የሚቀርቡት በከንቱ አይደለም፤ በመስቀሉና በሹካው መካከል ያለው ወደ ጎን የሚሄድ ክፍተት ከ0.05 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ነው። ገብቶ ካለቀ በኋላ መስቀሉ ጠጥሮ በእጅ የማይዞር ከሆነ፣ ያን ጊዜ የሹካውን ጆሮ በለስላሳ መዶሻ ቀስ ብሎ መታ ማድረግ ቆቦቹን ወደ ቀለበቶቹ ያስጠጋል፤ መዶሻው በዚህ ሥራ ተገቢ ቦታ ያለው እዚህ ላይ ነው። አዳዲስ ቡሎኖች በአምራቹ ልክ ይጠበቁ፤ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይታዩ።

በመርካቶ ሱማሌ ተራ «ኦርጅናል» እና «ታይዋን» እየተባለ የሚደረገው ክርክር ውሉን የሚስተው ማዕዘኑንና ግራሶውን ስለሚረሳ ነው። የዕቃው ጥራት ልዩነት እውነት ነው፤ የቆቡን ዲያሜትርና የመስቀሉን ርዝመት በካሊበር ለክቶ መግዛትም ይገባል፤ ነገር ግን በ9 ዲግሪ ለሚሠራና ግራሶ ለማያገኝ መጋጠሚያ ማናቸውም ምርት ዕድሜ ሊሰጠው አይችልም። አንዱ ክሮቼራ ሲያልቅ ሌላውን በዚያው ቀን መቀየር ግዴታ ባይሆንም፣ አብረው የሠሩ ናቸውና፣ የሻፍቱን መውረድ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

በገጠር መንገድ ላይ የኋላው ክሮቼራ ከተሰበረ መኪናው እዚያው ይቀራል ማለትም ዘወትር አይደለም። የኋላ ሻፍቱ በሁለቱም ጫፍ በቡሎን የሚታሰርበት ላንድክሩዘር ሻፍቱ ተፈትቶ ወጥቶ፣ የፊት እግር መቆለፊያዎቹ ተይዘው፣ ማርሹ ወደ አራት እግር ሲገባ በፊት ጎማዎቹ ብቻ ቀስ ብሎ እስከ ሰበታ ወይም እስከ ቡራዩ ድረስ ሊመጣ ይችላል፤ ከላይ ስለ እጅ ፍሬን የተባለው ግን በዚህ ጊዜ ይታሰብ። የተሰበረውን ሻፍት አስሮ ወይም አንጠልጥሎ መንዳት ግን የማይታሰብ ነው፤ የፊተኛው ጫፉ ተፈትቶ መሬት ከነካ ወለሉን ይበሳል፣ መኪናውንም ይገለብጣል። ሰው የሚጭን ከፍ የተደረገ መኪና ሁሉ ሻፍቱን ሲወድቅ የሚይዝ የብረት ቀለበት ከሻሲው ሊታሰርለት ይገባል።

ለጋራዥ ባለቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ማንኛውንም መኪና ከፍ ስታደርጉ ከሥራው በፊትና በኋላ የትራንስፈሩን፣ የሻፍቱንና የዲፈረንሻሉን ዘንበል በመለኪያ ለኩ፤ ተንቀሳቃሽ ስልክም ለዚህ የሚሆን መለኪያ አለውና መሣሪያ የለንም አትበሉ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ከዋጋው ጎን በደረሰኙ ላይ ጽፋችሁ ለባለመኪናው ስጡ። ባለመኪናም ያንን ቁጥር ሳይቀበል ገንዘቡን አይክፈል።